ከሰማያዊው ክኒን በፊት ወገብ ይለካ

ቦርጭ ዛሬም በብዙ ሰፈር የኑሮ መሻሻል ምልክት ነው። «ተመችቶሃል!» ሲሉት ባለቦርጩ ፈገግ ብሎ ሆዱን መታ መታ ያደርጋል። ያው ሰው ምሽት ላይ መድኃኒት ቤት ገብቶ፣ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ድረስ የጥርስ ሳሙና የሚመርጥ መስሎ ይቆያል። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለስንፈተ ወሲብ የሚወሰደውን ሰማያዊ ክኒን ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ አንድም ጥያቄ ሳይቀርብለት ይሸጥለታል። ሆዱና ክኒኑ እንደሚገናኙ የሚነግረው የለም።

ግንኙነታቸው ግን የጠበቀ ነው። በሰውነት ውስጥ ያለው ስብ አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም አለው፤ ይህም ቴስቶስትሮንን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣል። ውፍረት የሚያስከትለው የኢንሱሊን መዛባት ሲጨመርበት፣ ቴስቶስትሮን እንዲመረት ከአንጎል ወደ ዘር ፍሬ የሚላከው መልእክት ይዳከማል። ሆርሞኑ ሲያንስ ጡንቻ ይመነምናል፣ ስብ ይጨምራል፤ የጨመረው ስብ ደግሞ ሆርሞኑን ይበልጥ ያወርደዋል።

አሳሳቢው ግን የደም ሥር ጉዳይ ነው። ብልት የሚቆመው ደም ሲሞላው ነው። ደሙ እንዲገባ የደም ሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ አመንጭቶ ሥሩን ማላላት አለበት። የዚህን ጋዝ ሚና የደረሱበት ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስደዋል፤ ሰማያዊው ክኒንም ገበያ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ነው። ክኒኑ ናይትሪክ ኦክሳይድ የጀመረውን ሥራ ያራዝማል እንጂ በስኳር፣ በግፊትና በስብ የተጎዳውን ሽፋን አይጠግንም። የብልት ደም ወሳጅ ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የልብ ግን ከ3 እስከ 4 ነው። ጠባቡ ቀድሞ ይታወካል። ስለዚህ ስንፈተ ወሲብ ከልብ ሕመም ዓመታት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። በሹክሹክታ ክኒን ገዝቶ የሚሄድ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ አፍኖት ነው የሚሄደው።

በጣሊያን ኔፕልስ የተካሄደና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ተስፋ ይሰጣል። ተሳታፊዎቹ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 55 የሆነ፣ ስንፈተ ወሲብ ያለባቸው 110 ወፍራም ወንዶች ነበሩ፤ ስኳርም ግፊትም የለባቸውም። ግማሾቹ ምግባቸውን እንዲያስተካክሉና እንዲንቀሳቀሱ የቅርብ ድጋፍ አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከእነዚህ 55 ወንዶች 17ቱ ወደ ጤናማው ደረጃ ተመለሱ፤ አጠቃላይ ምክር ብቻ ካገኙት 55 ግን 3 ብቻ። እርግጥ ብዙዎቹ አልዳኑም፤ ለእነሱ መድኃኒት ያስፈልጋል። ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ሊድንበት የሚችል መንገድ እያለ ግን ስለ ክብደት ሳይነሳ ክኒን መሸጥ በሕመምተኛው ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ቴስቶስትሮን በራስ ፈቃድ መወጋትም መፍትሔ አይሆንም፤ የወንድ ዘር እንዳይመረት ያደርጋል፣ ልጅ የሚፈልገውን ሰው ይጎዳል።

ወገቡ ከ94 ሴንቲ ሜትር ያለፈና ስንፈተ ወሲብ የጀመረው ወንድ ሐኪም ፊት ሳያፍር ይናገር፤ ስኳሩን፣ ግፊቱን፣ ኮሌስትሮሉን ይመርመር። ፋርማሲስቶችም ክኒኑን ከመስጠታቸው በፊት «የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብለው ይጠይቁ። ለደረት ሕመም የሚታዘዘው ናይትሬት ከዚህ ክኒን ጋር ሲወሰድ የደም ግፊትን በድንገት አውርዶ ሊገድል ይችላል።