ጥቁር ቀበቶ፦ ስሙ አንድ፣ ሚዛኑ ብዙ

የካራቴ ጥቁር ቀበቶ በየትኛውም ሀገር ቀለሙ አንድ ነው። ቀበቶውን ለመታጠቅ የሚጠየቀው የሰውነት ጥንካሬ ግን አንድ አይደለም። ማዕረጉን የሚሰጠው እያንዳንዱ የካራቴ ማኅበር ነው፤ መመዘኛውንም የሚያወጣው ራሱ ነው። ልጆቻቸውን ወደ ማሠልጠኛ ለሚልኩ ወላጆች ይህ ልዩነት የጤና ጉዳይ ነው።

ካራቴ የተወለደው በጃፓን ደቡባዊ ጫፍ በሚገኘው የኦኪናዋ ደሴት ነው። የማዕረግ ቀበቶ ግን ከጥንት አብሮት የነበረ አይደለም። “ዳን” የተባለውን ማዕረግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጀመሩት የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ ሲሆኑ፣ ጊቺን ፉናኮሺ እ.አ.አ በ1924 ለካራቴ ተማሪዎቻቸው ሰጥተውታል።

ከዚያ ወዲህ መንገዶቹ ተለያይተዋል። በጎጁ ሪዩ ስልት ተማሪው “ሳንቺን” የተባለውን እንቅስቃሴ ሲያሳይ መምህሩ ትከሻውን፣ ጀርባውንና ጭኑን በመዳፍ እየመታ አቋሙን ይፈትናል። በኡዌቺ ሪዩ ክንድን ከክንድ ማጋጨት የዘወትር ልምምድ ነው። በኪዮኩሺን ተፈታኙ ያለ ጓንት ከበርካታ ተፋላሚዎች ጋር በተከታታይ ይጋጠማል። በሾቶካን ደግሞ ፈተናው በዋናነት በመሠረታዊ እንቅስቃሴ፣ በቅደም ተከተላዊ ትዕይንትና በቁጥጥር በሚደረግ ፍልሚያ ላይ ያተኩራል።

የውድድሩ ዓለም ደግሞ ቁጥጥርን ያስቀድማል። እ.አ.አ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ ከ75 ኪሎ ግራም በላይ በሆነው የወንዶች ፍጻሜ፣ የሳዑዲ ዓረቢያው ታሬግ ሐምዲ እየመራ ሳለ የኢራኑን ሳጃድ ጋንጅዛዴህን በእርግጫ መትቶ ጣለው። ዳኞች ምቱን አልተቆጣጠረም በማለት ሐምዲን ከውድድር አስወጡ፤ ወርቁም ራሱን ስቶ ለወደቀው ጋንጅዛዴህ ተሰጠ። በአንዱ ሚዛን ጥንካሬ የሚባለው በሌላው ጥፋት ሊሆን እንደሚችል ይህ ፍጻሜ ያሳያል።

ማጠንከር በራሱ መሠረተ ቢስ ነገር አይደለም። አጥንት በልክና በእረፍት ለሚመጣ ጫና ራሱን እያጠነከረ ይላመዳል። ኦኪናዋውያን “ማኪዋራ” የሚሉትን፣ ጫፉ በገለባ ገመድ የተጠቀለለ የእንጨት ምሰሶ ለዓመታት በትዕግሥት የሚመቱትም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ያለ እረፍት የሚደጋገም ምት አጥንትን ይሰነጥቃል፤ መገጣጠሚያንም ይጎዳል። በልጆች ላይ አደጋው ይብሳል፤ የአጥንታቸው የማደጊያ ክፍል እስከ አሥራዎቹ ዕድሜ ማብቂያ ድረስ ገና አልጠነከረምና። ገበሬ ወይፈኑን ያለ ዕድሜው ከቀንበር አያገባውም፤ ያለ ጊዜው የተጫነ ትከሻ ለእርሻ እንደማይበረታ ያውቃል።

ከዚህ በመነሣት አንድ መለያ ማስቀመጥ ይቻላል። ፈተና ልምምድ የገነባውን ያረጋግጣል እንጂ በአንድ ቀን ድብደባ ጥንካሬን አይፈጥርም። ተማሪው በአግባቡ ሳይዘጋጅ በፈተናው ዕለት የሚወርድበት ምት የሚያሳየው የተማሪውን ብቃት ሳይሆን የፈታኙን ጉልበት ነው።

ስለዚህ ወላጅ ልጁን ከማስመዝገቡ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ ልጆች ጠንካራ ነገር መምታት የሚጀምሩት በስንት ዓመታቸው ነው? ጫናው በምን ያህል ጊዜ፣ በምን ደረጃ ያድጋል? ተማሪው ሲጎዳ ፈተናውን የሚያስቆመው ማን ነው? ለእነዚህ ግልጽ ምላሽ ያለው አሠልጣኝ የቀበቶውን ክብር ከተማሪው ጤና ጋር አብሮ ይጠብቃል።