ሳይሄድ የዘገየ ሕፃን

በጉለሌ አንድ ሕፃን ዓመት ተኩል ሞልቶት ሳይሄድ ሲቀር፥ ጎረቤት ወይ «ሰነፍ ነው» ይላል፥ ወይ «ቡዳ በልቶት ነው» ይላል። እኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ የምፈራው «አባቱም የሄደው ዘግይቶ ነው፤ ይቆይ» የሚለውን ምክር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ እውነት ስለሚሆን በቀላሉ ይታመናልና።

በእርግጥ ሕፃናት ሁሉ እኩል አይሄዱም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ባወጣው መለኪያ፥ ጤናማ ሕፃን ብቻውን መሄድ የሚጀምረው ከ8 ወር ገደማ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚህ ያለፈው ይመርመር።

በሰፈራችን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው አጥንትን የሚያለሰልሰው ሪኬትስ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ብርድ እናቶችን ያስፈራል፤ ምችና ዓይነ ጥላም ይጨመርበትና ሕፃኑ ተጠቅልሎ ከቤት ይውላል። ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቪታሚን ዲ ቆዳችን የሚሠራው ግን በፀሐይ ነው፤ በመስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን ለዚህ አይረዳም። የሕፃኑ እርግብግቢት ሳይገጥም ይቆያል፥ የእጁ አንጓ ይወፍራል፥ ጡንቻው ይዝላል። ነገሩም በእግር ብቻ አያበቃም። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል አጥንተው በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ፥ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት በ210ዎቹ፥ ካልያዛቸው 500 ግን በ20ዎቹ ብቻ ሪኬትስ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ እኛም የጤና ሠራተኞች ጥፋት አለብን፤ የዘገየውን ሁሉ «ፀሐይ አሙቁት» ብለን እንሸኛለን። ምጥ ጠንቶ የተወለደ፥ ወዲያው ያላለቀሰ፥ አካሉ የሚገተር ወይም በአንድ እጁ ብቻ የሚይዝ ሕፃን ጉዳቱ ከአንጎል ሊሆን ይችላል። ምላሱ የወፈረ፥ ድምፁ የጎረነነ፥ ሆዱ የሚደርቅና እንቅልፍ የሚያበዛ ከሆነ የታይሮይድ ዕጢ ጉድለት ይጠረጠራል፤ ይህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታወቀ በየቀኑ በሚሰጥ ኪኒን አእምሮው ይጠበቃል፥ ከዘገየ ግን የጠፋው ሁሉ አይመለስም። ሲሄድ ቆይቶ በድንገት እግሩ የዛለበት ልጅ ፖሊዮ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ለጤና ጣቢያ ይነገር።

መምህራን ሆይ፥ የተማሪያችሁ እናት ስለ ታናሽየው ብታማክራችሁ፥ ሲወለድ አልቅሶ እንደ ሆነ፥ አንገቱን በስንት ወሩ እንዳጸና፥ በስንት ወሩ እንደ ተቀመጠ፥ የለመደውን ትቶ እንደ ሆነ ጠይቁና በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ አስይዟት። ተራ ስትጠብቅ ደክማ የምትረሳውን እኛ ከወረቀቱ እናነበዋለን።