ዶርዜን በአንድ ሰዓት?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዕረፍት ጉዟችን ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ዕቅድ ሁላችሁም አይታችሁታል ብዬ አስባለሁ። አራት ቀን፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ዶርዜ፣ ኮንሶ። መጀመሪያ ሳነበው እኔም በደስታ ጮኬ ነበር። ቤት ገብቼ ካርታ ላይ መንገዱን በጣቴ ስከተለው ግን ደስታዬ ቀነሰ።

ለምን መሰላችሁ? ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ብቻ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ኮንሶ ደግሞ አርባ ምንጭን አልፎ ገና ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። በዕቅዱ መሠረት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዶርዜን በአንድ ሰዓት አይተን፣ ከሰዓት በኋላ ኮንሶ ገብተን፣ በአራተኛው ቀን ከኮንሶ አዲስ አበባ እንመለሳለን። ወደ 600 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን! ሾፌሩስ ሰው አይደለም እንዴ?

አምና የሄድን ልጆች እናውቀዋለን። ዝዋይ ላይ «ፎቶ ተነሡና ቶሎ ግቡ» ተባልን። ላንጋኖም እንደዚያው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹን እናያለን ብለን ስንጓጓ፣ ስንደርስ አጥማጆቹ ሄደው የቀሩት አባ ኮዳዎች ብቻ ነበሩ። ሲመለስ ግማሹ ልጅ ሲያስመልሰው ነበር (እኔም አለሁበት)። ማስታወሻ ደብተሬን አሁን ሳየው ስለ ላንጋኖ የጻፍኩት «ውሃው ቡናማ ነው» የሚል ብቻ ነው። ለዚህ ለዚህማ ቴሌቪዥን አይበቃም?

አሁን ስለ ዶርዜ ልንገራችሁ። በሰፈራችን በሽሮ ሜዳ በኩል ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ አካባቢ ነው። በክፍላችን አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ስሜን እንዳትጽፍ ብሎኛል። አባቱ ሸማኔ ናቸው፤ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው ሲሸምኑ ቁጭ ብዬ አያለሁ። እሳቸው እንደሚሉት የዶርዜ ቤት የሚሠራው ከቀርከሃና ከእንሰት ቅጠል ነው፤ ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል። በጣም ረጅም ሆኖ ይሠራል፤ ከዚያ ከሥር ምስጥ ሲበላው በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ይወስደዋል። እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይቆይና ቆጮ ይሆናል። አገሩ ከአርባ ምንጭ በላይ ተራራ ላይ ስለሆነ ጋቢ ያስፈልጋል ብለዋል።

ይሄ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይታያል? ሴቶቹ ሲፈትሉ፣ ወንዶቹ ሲሸምኑ፣ ቆጮው ሲጋገር ለማየት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን መዋል አለብን። ደግሞ ጓደኛዬ ዶርዜን አይቶ አያውቅም። አያቱ እዚያ ናቸው። አምና በገንዘብ ምክንያት ቀርቷል፤ ዘንድሮ አባቱ ሌሊት ሳይቀር እየሸመኑ ሊከፍሉለት ነው። ታዲያ አያቱን ሳያቅፍ «ቶሎ ግቡ» ሊባል ነው?

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። በቡታጅራ መንገድ እንሂድ። እግረ መንገዳችንን ጢያ ላይ ትክል ድንጋዮቹን እናያለን፤ ወላይታ ሶዶ እናድራለን። በሁለተኛው ቀን ብዙ ሳንቸኩል አርባ ምንጭ ገብተን ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸውን ምንጮች፣ የጫሞን አዞዎች እናያለን። አባያ ቀላ ያለ፣ ጫሞ ሰማያዊ ነው ይባላል፤ ሁለቱን ሐይቆች ከላይ ሆነን ማወዳደር እንችላለን። ሦስተኛው ቀን ሙሉውን ለዶርዜ ይሁን። በአራተኛው ቀን መመለስ ነው። እሱም ረጅም መንገድ ነው፣ አልዋሽም፤ ግን ከኮንሶው ይሻላል።

አንዳንድ ልጆች «በዓመት አንዴ የምንወጣ ብዙ ቦታ ብናይ ይሻለናል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አንዳንዶቻችን ከአዲስ አበባ ወጥተን አናውቅም። ኮንሶም የሚናቅ አይደለም፤ የእርከን ሥራው በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ለዚህ እኮ ነው በችኮላ አይታይ የምለው። ለከርሞ፣ ስምንተኛ ክፍል ስንሆን፣ ለብቻው ይታቀድ። ገንዘቡም ቢሆን ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ መልስ ከቀነስን ነዳጅ ይተርፋል። ማደሪያም ሆቴል የግድ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ተጠይቆ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘርግተን እናድራለን። በተረፈው ብር መክፈል ያልቻሉ ልጆች ቢታሰቡ ደስ ይለኛል። በእኛ ክፍል ብቻ እስካሁን ያልተመዘገቡ አምስት ልጆች አሉ።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ዕቅዱ የሚጸድቀው ሐሙስ ነው ተብሏል። ከእኔ ጋር የምትስማሙ ተማሪዎች እስከ ረቡዕ ድረስ ስማችሁንና ክፍላችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ባለው የሐሳብ መስጫ ሣጥን ክተቱ። የማትስማሙም ጻፉ፤ በሚቀጥለው እትም መልስ እሰጣለሁ።