ኮረሪማ በራሱ ስም፣ በሁለት ዋጋ

ኮረሪማ ያልገባበት በርበሬ፣ ኮረሪማ ያልነካው ክትፎ ጎዶሎ መሆኑን የመርካቶ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፡፡ ስለ ተክሉ ግን ብዙም አይጠየቅም፡፡ በክር ተሰክቶ ወይም በጆንያ ታጭቆ አዲስ አበባ የሚደርሰው ፍሬ የዝንጅብል ዘመድ ሲሆን፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተራራማ ደኖች፣ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ በዛፍ ጥላ ሥር የሚያብብ፣ ከሥሩ እየተባዛ ለዓመታት የሚኖር ተክል ነው፡፡ አገሩ ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች፣ ጋሞና ጎፋ ነው፡፡

ችግሩ የሚጀምረው ከሚዛኑ ላይ ነው፡፡ ሰብሳቢው ነጋዴ ቀልቶ የበሰለውንም፣ ገና አረንጓዴ ሳለ የተቀነጠሰውንም በአንድ ዋጋ ይገዛል፡፡ ቅርፊቱም እርጥበቱም አብሮ ይመዘናል፡፡ ለቃሚው ታዲያ ምን ብሎ ይታገሥ? በጋራ ደን ውስጥ የቆየ ፍሬ የሌላ ሰው ፍሬ ነው፤ ቀድሞ የለቀመ ግን ቢያንስ ክብደት ይሸጣል፡፡ ስለዚህ እሸቱ ይለቀማል፣ ምድጃ ላይ ተሰቅሎ ጭስ ጠጥቶ ይደርቃል፣ መዓዛው ይጎድላል፤ ከዚያ ላኪው «ጥራት የለውም» ብሎ ያማርራል፡፡ ጥራት ያልከፈሉበት ዕቃ ነው፡፡

አንዳንድ ባለሀብት መፍትሔው ሰፊ እርሻ ነው ይላል፡፡ ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን በ2004 ዓ.ም. ገደማ የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ በደቡብ ያደረሰውን ኪሳራ ያየ ሰው፣ የዝንጅብልን ዘመድ በአንድ ማሳ አጭቆ ለመትከል ቢያመነታ አይፈረድበትም፡፡ ከዚህ ይልቅ አሳሳቢው ቡና ነው፡፡ ገበሬው የደን ቡናውን ምርት ለመጨመር ጥላውን ያሳሳል፣ ከሥር ያለውን ይመነጥራል፤ ጥላና እርጥበት የሚወደው ኮረሪማ አብሮ ይሄዳል፡፡ የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል፡፡ መዝገብ ግን ለገበሬው ቀለብ አይሆንም፤ ኮረሪማው ከከፈለው ያቆየዋል፣ ካልከፈለው ይመነጥረዋል፡፡

ሌላው ጣጣ ስሙ ነው፡፡ ውጭ አገር ኮረሪማ «የኢትዮጵያ ሄል»፣ ሲብስም «ሐሰተኛ ሄል» እየተባለ ይቀርባል፡፡ በዘይታቸው ውስጥ ሲኒዮል የተባለው ንጥረ ነገር መብዛቱ ሁለቱን ያመሳስላቸዋል እንጂ ተክሉም ጣዕሙም የተለያየ ነው፡፡ በሄል ስም የሚሸጥ ኮረሪማ የሚወዳደረው ከሕንድና፣ ተክሉን ከእስያ ወስዳ ዛሬ በዓለም ግንባር ቀደም አምራች ከሆነችው ጓቲማላ ጋር ነው፡፡ በሰው ሜዳ፣ በሰው ስም መጫወት ይሉታል ይኼን፡፡

ኢትዮጵያ የይርጋጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን የቡና ስሞች ይዛ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች፡፡ በቡና የተቻለው በኮረሪማ የማይሞከርበት ምክንያት የለም፤ ነገር ግን እሸትና ብስል በተደባለቀበት ጆንያ ላይ የሚለጠፍ ስም ገዢውን ሁለተኛ አይመልሰውም፡፡ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ለቀይ ፍሬ የተለየ ዋጋ፣ ከዚያ ስም፡፡ የመጀመሪያው ደግሞ የመንግሥት መመሪያ አይጠብቅም፤ ቦንጋና ማሻ ላይ ሁለት ጆንያ ለይቶ፣ ሁለት ዋጋ ጠርቶ መግዛት የጅምላ ነጋዴው ሥራ ነው፡፡