ሆቢት ወይስ ሃፍሊንግ፤ ስለ አንድ ነገድ ስም የተነሣ ክርክር

በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ፕሮፌሰር ቶልኪን፥ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. ባሳተመው የልብ ወለድ መጽሐፍ ቁመታቸው አጭር፥ እግራቸው ጠጕራም፥ ቤታቸውም በኮረብታ ውስጥ የተፈለፈለ አንድ ነገድ ፈጠረ፤ ስሙንም ሆቢት አለው። ከ1954 እስከ 1955 በሦስት ክፍል ባወጣው ታላቅ ድርሰቱ ደግሞ ረጃጅሞቹ ሕዝቦች እነዚህኑ ሰዎች ሃፍሊንግ ይሉአቸዋል፤ ይኸውም የሰው እኩሌታ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ የድርሰቱ ወዳጆች፥ የነገዱ ትክክለኛ ስም የትኛው ነው እያሉ በሁለት ወገን ይከራከራሉ።

ሃፍሊንግ ይባል የሚሉት ወገኖች፥ ሆቢት የአንድ ደራሲ ፈጠራ ነው፤ ሃፍሊንግ ግን በሌሎችም መጻሕፍትና በጨዋታዎች የሚሠራበት የወል ስም ነው ይላሉ። የወል ስም የሆነበትን ምክንያት ግን አይጠይቁም። በ1974 በአሜሪካ የታተመው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ጨዋታ አስቀድሞ ሆቢት ብሎ ጽፎ ነበር። የስሙን የንግድ መብት የያዙት በተቃወሙ ጊዜ ግን አሳታሚዎቹ ቃሉን ፍቀው በስፍራው ሃፍሊንግን አገቡ። እንግዲህ ቃሉ በየጨዋታው የተስፋፋው በጠበቃ ፍርሃት ነው እንጂ በሊቃውንት ምርምር አይደለም፤ ከክስ መሸሻ የሆነውን ቃል የተማረ ሰው ምርጫ አስመስሎ ማቅረብም ያሳፍራል።

ከዚህ የሚከፋው የቃሉ ምሥጢር ነው። እኩሌታ ያለ ሙሉ አይለካም፤ ሃፍሊንግ ብሎ የሚጠራም ሰው ረጅሙን ሙሉ፥ አጭሩን ጎዶሎ አድርጎ ፈረደ። በስኮትላንድ እንኳ ይህን የመሰለ ቃል የሚነገረው ገና አድጎ ላልጨረሰ ጐረምሳ ነው። የጎንዶር ሰዎች እንዲህ ማለታቸው አያስደንቅም፤ ያላዩትን ነገድ በወሬ ሰምተው በራሳቸው ክንድ ለክተውታልና። ነገር ግን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ስለ ምን በጎንዶር ክንድ ይለካል?

ደራሲው ራሱ ነገሩን ቈርጦታል። የሮሃን ንጉሥ ቴዎደን በኢሰንጋርድ ፍርስራሽ ሁለት ሆቢቶችን ባገኘ ጊዜ ሃፍሊንግ ብሎ ጠራቸው፤ ከሁለቱ ታናሹ ፒፒን ግን በትሕትና፥ ስማችን ሆቢት ነው ብሎ አረመው። ንጉሡም ሳይቈጣ ስሙን ተቀበለ። ንጉሥ የተቀበለውን እርማት አንባቢ እንቢ የሚለው በምን ሥልጣን ነው?

ዳሩ ግን ሆቢት የሚሉትም ሁሉን አላወቁም። ሆቢት ከነገዱ አፍ የወጣ ቃል ይመስላቸዋል፤ ደራሲው ግን በድርሰቱ መጨረሻ ባኖረው የቋንቋ ሐተታ፥ ሰዎቹ በገዛ አፋቸው ኩዱክ ይባሉ እንደ ነበረ፥ ሆቢትም የዚህ ትርጉም እንደ ሆነ ጽፎአል። ቃሉንም ጕድጓድ ሠሪ ከሚል ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አዛምዶታል። ትርጉምም ቢሆን ሰዎቹን በሠሩት ቤት ይጠራቸዋል እንጂ በጐደላቸው ቁመት አይጠራቸውም።

ለተርጓሚዎች በተወው መመሪያም ሆቢት ሳይለወጥ እንዲቀር፥ ሃፍሊንግ ግን እኩሌታ የሚል ባለበት ቃል እንዲተረጐም አዝዞአል። ስለዚህ ድርሰቱን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሆቢትን ድንክ አይበል፤ ድንክ የሚለው ቃል በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጢማቸው ለረዘመ፥ ማዕድን ለሚቈፍሩ ለሌሎች ነገዶች ያስፈልገዋል። የሰው እኩሌታ የሚለውንም በጎንዶርና በሮሃን ሰዎች አፍ ያኑረው።