የኢዲዶ ቡና ከአንታርክቲካ አልመጣም!

ባለፈው ሰሞን ዲላ ላይ ከፕሮግራመር ወጣቶች ጋር ቡና እየጠጣን ነበር። አንደኛው ላፕቶፑን ከፍቶ በኩራት አሳየን። የአገር መለያ ኮድን ከሦስት ፊደል ወደ ሁለት ፊደል የምትቀይር፣ ግማሽ መስመር የማትሞላ ፕሮግራም ጽፏል። ዘዴው ሦስተኛውን ፊደል መቁረጥ ነው። «ይኸው፣ ኢ-ቲ-ኤች ኢ-ቲ ሆነ!» አለ። ጓደኞቹ አጨበጨቡለት።

እኔ አላጨበጨብኩም። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ይህ ዘዴ ለኢትዮጵያ ይሠራል። ለጎረቤቶቻችንም ይሠራል፤ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ስድስቱም ትክክል ይወጣሉ። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ልጁ የሚያውቃቸውን አገሮች ሞክሮ ሁሉም ሲያልፉለት ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ቡናችን የሚሸጠው ግን ከጎረቤት ማዶ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ኮድ ኤ-አር-ኢ ነው፤ ሲቆረጥ ኤ-አር ይሆናል፣ እሱ ደግሞ የአርጀንቲና ነው። የቻይናው ሲ-ኤች-ኤን ሲቆረጥ ሲ-ኤች፣ ማለትም ስዊዘርላንድ ይሆናል። ፕሮግራሙ «ተሳስቻለሁ» ብሎ አይጮህም። ዱባይ የሚሄደውን ጭነት ለአርጀንቲና መዝግቦ ዝም ይላል።

ወደ ቁጥር ስንመጣ ይብሳል። የስልክ ኮዳችን 251 ነው። የአገሮችን ኮድ በሚወስነው አይኤስኦ 3166 ግን ቁጥራችን 231 ነው፤ በስልክ 231 ላይቤሪያ ነች። ለውጭ ገበያ በሚወጣ የቡና ጆንያ ላይ የሚታተመው የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት መለያ ደግሞ የሚጀምረው በ010 ነው፤ ኢትዮጵያ ማለት ነው። ያንኑ 010 በአይኤስኦ ሠንጠረዥ ፈልጉት፦ አንታርክቲካ! በጌዴኦ ደን ጥላ ሥር የበቀለው የኢዲዶ ቡና በረዶ ላይ በቀለ ማለት ነው።

እነዚህ ኮዶች በቀመር የሚገኙ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን የኢትዮጵያ ቁጥር ከ230 ወደ 231 ተቀየረ፤ ፊደሎቿ ግን እንዳሉ ቀሩ። ደቡብ ሱዳን በ2011 ስትለይ የሱዳን 736 ቁጥር 729 ሆነ። ይህን የትኛው አጭር ቀመር ያውቃል? ታሪክ ይመዘገባል እንጂ አይሰላም። ለዚህ ነው የ249 አገሮችና ግዛቶች ሙሉ ሠንጠረዥ የግድ የሚሆነው።

«ለውድድር እኮ ነው፣ አእምሮ ያፍታታል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በጥቂት ፊደል ብዙ ማሠራት ጥሩ ጨዋታ ነው። በፓይተን ሠንጠረዡን የያዘ የታወቀ ላይብረሪ ጠርቶ በአንድ መስመር መጨረስም ነውር የለውም። ያ መስመር ያጠረው ግን ሌሎች ሰዎች ረጅሙን ሥራ ስለሠሩለት ነው። የኔ ጠብ ጨዋታውን ወደ መጋዘንና ወደ ጉምሩክ መዝገብ ይዞ ከሚገባው ጋር ነው። እሱን «ጎበዝ» እያልን ከምናሳድገው ከእኛም ጋር ነው።

ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ጠይቃ፣ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ ስምምነት ላይ የደረሰችው በ2007 ነው። ለስም ያን ያህል ተደክሟል። የኢዲዶ ገበሬ የደረሰውን ቀይ ፍሬ ካልደረሰው እየለየ በእጁ ይለቅማል፤ ቅርንጫፉን በአንዴ ቢመለጥጠው ሥራው ያጥርለት ነበር። አያደርገውም፤ ዋጋው በጥንቃቄው እንደሆነ ያውቃል።

የእሱን ጆንያ የሚመዘግብ ሰው ከእሱ ያነሰ መጠንቀቅ የለበትም። ወጣቶች፣ ሠንጠረዡን ጻፉት፤ 249ኙንም ፈትሹት፤ የፊቱን ዜሮ አትጣሉ። አለዚያ ነገሩ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሆናል፤ የሚፈሰው ደግሞ የሰው ቡና ነው።