ስለ ሃሎዊን ሌሊትና ስለ ጥፍር ሥዕል

በቤተ ሰብ መካከል ትልቅ ቅያሜ ብዙ ጊዜ ከትንሽ ነገር ይነሣል። በአሜሪካ አገር በሚኖሩት ወገኖቻችን ቤት ጥቅምት ሲጋመስ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም ልጅቱ በጥፍሬ ላይ አፅምና የሸረሪት ድር ልሣል ስትል፥ እናቲቱ ደግሞ ሞትን በገዛ እጅሽ ትጠሪያለሽን? እያለች የምትከለክልበት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መርምሮ መፍረድ ይገባል።

ሃሎዊን የሚባለው በዓል በፈረንጆች አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን፥ በኛ ጥቅምት 20 ወይም 21 ቀን ማታ ይከበራል። የስሙ ትርጓሜ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው፤ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ያን በዓል በማግሥቱ ታከብራለችና። የአየርላንድ ሰዎች ግን ከጥንት ጀምሮ መከር አልቆ ብርድ ሲገባ የሚያከብሩት በዓል ነበራቸው፤ በዚያች ሌሊት ሙታን ይመላለሳሉ ይሉ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1845 ድንቻቸው በበሽታ ጠፍቶ ታላቅ ረኀብ በሆነ ጊዜ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ ልማዳቸውም አብሮ ተሻገረ። ዛሬ ለብዙው ሰው የልጆች ጨዋታ ሆኗል።

ጥፍር ማቅለምስ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን ለሠርግና ለበዓል እንሶስላ ሲሞቁ ኖረዋል። ልዩነቱ፥ እንሶስላ ጥፍሩን ዘልቆ ይነክረዋል፤ የዛሬው የጥፍር ቀለም ግን በላዩ ተለብጦ ይደርቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ እጅን ታጥቦ ጥፍርን በሞረድ ማስተካከል፤ ቀጥሎ መልክ የሌለውን ቀለም መሠረት አድርጎ መቀባት፤ እርሱ ሲደርቅ እንደ ዱባ ያለውን ብርቱካንማ ቀለም በስሱ ሁለት ጊዜ መደረብ ነው። ወፍራም ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ይሸበሸባልም። ለሸረሪት ድር የጥርስ እንጨት ጫፍ በጥቁር ቀለም ነክሮ፥ ከጥፍሩ አንድ ማዕዘን ተነሥቶ አራት ወይም አምስት መስመር እንደ ጨረር መዘርጋት፥ ከዚያም መስመሮቹን በጎበጡ ቀጫጭን መስመሮች ማያያዝ ነው። ጣረ ሞት የምትሻ እንደ ሆነ፥ ጥፍሩን ነጭ ቀብታ ሁለት ጥቁር ነጥብ ለዓይን፥ አንድ ለአፍ ታኖራለች። በመጨረሻ መልክ የሌለው ቀለም በላዩ ይደረባል። ይህ መደረቢያ ለኛ ገበታ እጅግ ያስፈልጋል፤ እንጀራ በእጅ የሚቈርስና የሚያጐርስ ሰው ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ወጥ ውስጥ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ አለበትና።

የሚያስፈራው ነገር ከሥዕሉ ይልቅ በጠርሙሱ ውስጥ ነው። ቀለሙ ናይትሮሴሉሎስ ከሚባል ነገር ይሠራል፤ ይህም ጭስ የሌለው ባሩድ የሚሠራበት ነው። የሚያሟሟውም ፈሳሽ ትነቱ በእሳት ቶሎ ይያያዛል፤ ማስለቀቂያው አሴቶንም እንዲሁ ነው። በዚያ ሌሊት ደግሞ በተፈለፈለ ዱባ ውስጥ ሻማ ያበራሉ፤ ስለዚህ ቀለሙንና ሻማውን በአንድ ጠረጴዛ ማኖር አይገባም። መስኮት ይከፈት፤ ጠርሙሱም ሕፃናት ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ጄል የሚባለው በመብራት የሚደርቀው ቀለም ግን ለልጆች አይሆንም። ሳይደርቅ ቆዳ የነካ እንደ ሆነ ዕድሜ ልክ የሚኖር የቆዳ መቈጣት ሊያመጣ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረትም በጄል ቀለም ይጨመር የነበረውን ቲፒኦ የተባለ ነገር ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከልክሏል።

ሲያስለቅቁም በአሴቶን የራሰ ጥጥ ጥቂት ጊዜ በጥፍሩ ላይ አቆይቶ መጥረግ እንጂ በምላጭ መፋቅ አይገባም። በኋላም እጅን ታጥቦ ቅባት መቀባት መልካም ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ሁለት መንገድ አለላችሁ። ጨዋታውን የምትፈቅዱ እንደ ሆነ ልጃችሁን ብቻዋን አትተዉአት፤ ግራ እጇ ቀኝ እጇን አስተካክሎ መቀባት አይችልምና እናቲቱ አጠገቧ ተቀምጣ ትሣልላት። ስለ ሃይማኖታችሁ የማትፈቅዱ እንደ ሆነ ደግሞ ምክንያቱን በለዘበ ቃል ንገሯት፤ በአፅሙም ፈንታ አደይ አበባን በቢጫ ቀለም ሣሉላት። በቁጣ ብቻ የተከለከለች ልጅ በጓደኛዋ ቤት ተደብቃ ትቀባለች፤ በዚያም ስለ ሻማውና ስለ ጄሉ የሚነግራት አታገኝም። በጥፍር ላይ ያለው ሥዕል በማግሥቱ በጥጥ ይጠረጋል፤ መደበቅን የለመደች ልጅ ግን ነገ በከባዱ ጉዳይ ደግሞ እናቷን ሳታማክር ትቀራለች።